ሉባባ ዝም ያለች ሰሞን

«ታዲያ ይሄ ልጅ ከየት አምጥቶ ታመመ?» አሉ ጋሽ ኢሳ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ። «በአባቱ ወገን እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም።»

ሉባባ ሱቋ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ የሳሙና ካርቶን በምላጭ እየከፈተች ነበር። ሱቁንና መኖሪያ ክፍሉን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። ጋሽ ኢሳ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ እርሻ ላይ ከትራክተር ድምፅ በላይ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝግ ብለው መናገር አይሆንላቸውም። የጠየቁት ረፊቃን ነበር። ረፊቃ የሉባባ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ሳትመለስ ቀርታ ከክረምቱ ጀምሮ መተማ፣ እናቷ ቤት አለች። ሲጠይቋት ቶሎ አትመልስም፤ መጀመሪያ የሻርቧን ጫፍ ታስተካክላለች። ሉባባ ባታያትም አሁን ይህንኑ እያደረገች እንደሆነ አወቀች።

«የተማርነው ላይ» አለች ረፊቃ፣ «ከቤት ነው የሚነሳው የሚሉ አሉ። ቤት ውስጥ ቁጣና ነቀፋ ሲበዛ። እናት ባንድ አፏ ና እያለች ሂድ የምትል ከሆነች ልጁ የቱን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። ከዚያ አእምሮው...» አቋረጠች። «የሚሉ አሉ ነው ያልኩት፣ አጎቴ። ሁሉም አይስማማበትም።»

«እናትየው ናት ነው የምትይኝ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሻል እንጂ።»

ሉባባ ምላጩን እንደያዘች የልጇን መልስ ጠበቀች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ከወዲያ የተሰማው ግን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ ጋሽ ኢሳ ተነፈሱና እንግዲያው ያሰቡት ልክ መሆኑን ተናገሩ። ከአስር ሶላት በኋላ መኪናቸው የሰሊጥ አጫጆች ጭና ገለጉ ወዳለው እርሻቸው ትመለሳለች። የታመመው የሉባባ ልጅ ሙዓዝም አብሮ ይሄዳል። አጨዳው እስኪያልቅ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ፣ ከዚህ ቤት ይራቅ። «ኸላስ» አሉ፣ «ጨርሰናል።»

ሉባባ ያንን እርሻ ታውቀዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እዚያ ለሠራተኛ ስታበስል ከርማለች። ራኩባ የሚሉት ከሣርና ከእንጨት የተሠራ ዳስ፣ በርሜል ውስጥ የሞቀ ውሃ፣ ከየደጋው የመጡ ወጣቶች፣ ቀን ማጭድ ማታ አረቄ። ያን ጊዜ አንድ የወሎ ልጅ ነበረ፣ ብቻውን የሚያወራ። መጀመሪያ ሳቁበት፤ አስመስለው እየመለሱለት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሳቁበት። ቆይቶ እንቅልፍ ሲነሳቸው በገመድ ከትራክተር ጎማ ጋር አሰሩት። ጠዋት ሉባባ ገንፎ ይዛለት ስትሄድ ፊቱ ላይ ዝንብ ሰፍሯል፣ ልጁ ግን አሁንም ያወራ ነበር። ሉባባ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን ተነሥታ ግድግዳውን አልፋ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። መናገር ካቆመች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ዝምታው የመጣው እንዲህ ነው። ሙዓዝ የሚውጠው ክኒን ከጎንደር ነበር የሚመጣው፤ መኪና ሲጠፋ ክኒኑም ጠፋ። ጤና ጣቢያ ሲጠይቁ ሲመጣ እንጠራችኋለን ተባሉ። ሙዓዝ ጥቂት ቀን ደህና ሰነበተና ከዚያ እንቅልፉ ሄደ። ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ አንዳንዴ ይስቃል። ረፊቃ ክኒኑ እስኪመጣ የምትችለውን ለማድረግ አሰበች። አንድ ከሰዓት እናቷን በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ በአንገረቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና፣ የገመዱን ቋጠሮ እያፍታታች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «እማ፣ ቁጣሽን ቀንሺለት። ይብስበታል» አለቻት።

ሉባባ የገበያ ሰው ናት። ልጆቿን ጠዋት የምትቀሰቅሰው፣ የምታበላው፣ የምታስተኛው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ተነሣ እንጂ፣ ፀሐይዋ እኮ እየሳቀችብህ ነው። ያ ፀጉር ምንድን ነው፣ ዶሮ እንቁላል ልትጥልበት ነው? ብላ፣ ማን ይለምንሃል፣ ብላ አልኩህ። ጫማህን አዙረህ አታስቀምጥ። ይህን ስትል ውላ ታመሻለች። ከዚህ ውስጥ ቁጣውን አውጥተሽ የቀረውን ተናገሪ ስትባል የቀረ ፈልጋ አጣች። ሁለት ቀን ሞከረች። «ሙዓዝ፣ ምሳ ቀርቧል» ብላ ለስለስ ባለ ድምፅ ስትጠራው ልጁ ደንግጦ ሰው የሞተ መስሎት ተነሣ። በሦስተኛው ቀን አፏን ዘጋች። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ትወጣለች። ጠዋት ከግቢ አንገረቡን አብረው ይዘው ሲያስገቡ እሷ በራስጌ፣ እሱ በግርጌ፣ ቃል የለም። ረፊቃ ድሮም ዝምተኛ ናት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው መብራት ሲኖር የቬንቲሌተሩ ድምፅ ብቻ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙዓዝ የረጋ መሰለ፤ አይስቅም፣ አይነሣም። «አየሽ እማ» አለች ረፊቃ፣ ደስ ብሏት። ሉባባም አየች። ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰጠሁት ሁሉ መርዝ ኖሯል ማለት ነው አለች፣ በሆዷ።

ጋሽ ኢሳ በመጡበት በዚያ ዕለት ጠዋት ሉባባ ካርቶኑን ስትጨርስ ሱቁን ከፍታ ተቀመጠች። ጥቅምት ስለሆነ ከተማው በአጫጅ ሞልቷል። ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ የሱዳን ዕቃ እንደ ድሮው አይመጣም፤ መደርደሪያዋ ግማሹ ባዶ ነው፤ ጥቂት የሽቶ ጠርሙስ፣ ብስኩት፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ጀሪካን። ከሱቁ ፊት ራኩባ ሥር ሻይ የምትሸጠው አየሁሽ ናት። አየሁሽ ክርስቲያን ናት፣ አባቷ ከደጋ ወርዶ እዚህ የሰፈረ ገበሬ ነበር፤ ከሉባባ ጋር ለብዙ ዓመት ጠዋት ጠዋት እየተሰዳደቡ ነው የሚውሉት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም አፍሽ አልተከፈተም?» አለች አየሁሽ፣ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለቻት። «እኔ እኮ የምሰድበው ሰው አጥቼ ደንበኛዬን መስደብ ጀምሬያለሁ።»

ሉባባ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ልጁ ነው?» አለች አየሁሽ ዝግ ብላ። «ስሚኝ፣ የአክስቴ ልጅ እንዲህ አድርጎት ነበር። ሰው ሁሉ እናቱን ነበር የሚያየው። ለቅሶ ስትሄድ፣ ገበያ ስትወርድ፣ ምን አድርጋው ነው እያለ። አክስቴን ውባንተን ታውቂያታለሽ፣ ያችን ቀጭኗን። አሁን ገበያም አትወርድ።» ብርጭቆውን አንሥታ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳች አጠበች።

አንድ የጎጃም ልጅ መጥቶ የፕላስቲክ ጫማ ዋጋ ጠየቀ። ሉባባ በጣቷ አሳየችው። «ኧረ እትዬ፣ ለድሃ ቀንሱ እንጂ፣ ገና ሳናጭድ አጨዳችሁን» አለ ልጁ፣ ጓደኞቹ ሳቁ። ድሮ ቢሆን ሉባባ የምትመልሰው አታጣም፤ ልጁም እየሳቀ ገዝቶ ይሄድ ነበር። አሁን ዝም ስትለው ልጁ ያስቀየማት መሰለው። የተጠየቀውን ከፍሎ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሳይሞክረው ሄደ። ሉባባ ጠባብ ቁጥር እንደወሰደ አይታለች። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ከጮኸች ግን ግቢ ያለው ሙዓዝ ይሰማታል። አፏን መልሳ ዘጋች።

ምሳ አንድ ትሪ ዙሪያ ቀረበ። ከውጭ ያለው ሙቀት ቆርቆሮውን እያንጣጣው ነው። ጋሽ ኢሳ ስለ ሰሊጥ አወሩ፤ የዘንድሮው ነቀዝ፣ የሠራተኛው ዋጋ፣ የትራክተሩ ዲስክ መሰበር። ወሬያቸው በሙዓዝ ራስ ላይ እያለፈ ወደ ረፊቃ ይሄዳል፣ ረፊቃም «እሺ አጎቴ» ትላለች። ሙዓዝ ከፊቱ ያለውን ወጥ በእንጀራ ጠቅለል ያደርገዋል፣ ይዞት ይቆያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጢሙ አድጓል። ሸሚዙን ቁልፉን አንድ ቀዳዳ አሳስቶ ስለቆለፈ አንገቱ ወደ ግራ የተጣመመ ይመስላል። ሉባባ ቁልፉን አየችው። ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች፣ ግን የምታየው ቁልፉን ብቻ ነበር። እጇ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

«ሙዓዝ» አሉ ጋሽ ኢሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረው። «ዛሬ ከኔ ጋር ገለጉ ትሄዳለህ። ሠራተኛ ትቆጣጠርልኛለህ። ተማም?»

«እሺ» አለ ሙዓዝ።

በጣም ቶሎ ነው ያለው። ጋሽ ኢሳ ክርክር ጠብቀው ስለነበር የያዙትን ጉርሻ ሳይጎርሱ ቆዩ። የረፊቃ ትከሻ ወረደ፤ ከባድ ነገር ያወረደች መሰለች። ሉባባ ግን እሺታውን በሌላ መንገድ ሰማችው። ለመሄድ የቸኮለ ልጅ፣ ከእናቱ ለመራቅ የቸኮለ ልጅ። ትምህርቱ እውነቱን ነው አለች፣ በሆዷ። ትሪውን አነሣችና ወጣች። ሱቅ ገብታ ባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠች፣ እስከ አስር ድረስም ከዚያ አልተነሣችም። ከግድግዳው ወዲያ ረፊቃ የወንድሟን ቦርሳ ስታዘጋጅ ይሰማታል፤ ዚፑ ተበላሽቷል፣ ደግማ ደጋግማ ስትጎትተው ይሰማል። የዚፑን ዘዴ የምታውቀው ሉባባ ናት፤ ትንሽ ዘይት ይፈልጋል። አልነገረቻትም።

አዛኑ ብሎ፣ ሶላቱ አልቆ፣ መኪናዋ መጥታ ከአየሁሽ ራኩባ አጠገብ ቆመች። ከላይ አጫጆቹ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከማጭዳቸው ጋር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሙዓዝ በውስጥ በኩል ወደ ሱቁ ገባ። የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘ።

«እማ፣ ልሄድልሽ ነው።»

ሉባባ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁንስ በቃሽ አይደል?»

ቀና ብላ አየችው። አልገባትም።

«ሌሊቱን ሙሉ ሂድልኝ፣ ከቤቴ ውጣልኝ ስትይኝ ነው ያደርሽው» አለ ሙዓዝ፣ ያለ ቁጣ፣ የደከመው ሰው እንደሚናገረው። «እሺ አልኩሽ እኮ። ዝም አላልሽም። ምሳ ላይም ጋሽ ኢሳ ሳይጠይቁኝ አንቺ ቀድመሽ እሺ በል አልሽኝ። እሺ አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

«እኔ...» አለች ሉባባ። ድምፅዋ ስላልተሠራበት ዝጎ ወጣ። «እኔ አልተናገርኩም።»

ሙዓዝ አፏን ትኩር ብሎ አየው።

«ድሮ በዚህ ነበር የምለያችሁ» አለ፣ በጣቱ ወደ ከንፈሯ እያመለከተ። «አፍሽ ከተንቀሳቀሰ አንቺ ነሽ። ካልተንቀሳቀሰ እነሱ ናቸው፣ ዝም እላቸዋለሁ። አንቺ ስትጮኺ ደግሞ እነሱ አይሰሙም፣ ድምፅሽ ትልቅ ነው። አሁን ግን አፍሽን ዘግተሽ መናገር ጀመርሽ። ያን ጊዜ የማደርገው ጠፋኝ።»

ረፊቃ ቦርሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ቦርሳው ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ወረደ። «እማ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ቀጭን ሆኖ፣ «ይሄም አለ፣ ትምህርቱ ላይ። የገዛ ሐሳባቸው ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ይመስላቸዋል የሚል። እኔ ያኛውን ነው... እኔ ያኛውን ነው ያሰብኩት።» ማንም ወደ እሷ አልዞረም። ከውጭ የመኪናው ክላክስ ጮኸ፣ ጋሽ ኢሳም «ሉባባ! ልጁን አውጪው እንጂ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው!» ብለው ተጣሩ።

ሉባባ ተነሣች። ባንኮኒውን ዞራ መጣችና የልጇን ሸሚዝ ያዘች።

«የት ነው የምትሄደው? ማነው ሂድ ያለህ? እኔ ነኝ ሂድ ያልኩህ? መጀመሪያ ቁልፍህን አስተካክል፣ አንገትህ እንደ ተሰበረ ዶሮ ተጣሞ የት ልትታይ ነው! ከምሳ ጀምሮ ቁልፍህን እያየሁ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ጢምህንስ ተመልክተኸዋል? ፍየሏ እንኳ ታፍርብሃለች። አሁን ቁጭ በል፣ ቁጭ በል አልኩህ!»

ከውጭ የአየሁሽ ሳቅ ተሰማ። «ተመስገን፣ ሴትዮዋ ዳነች» አለች ለአጫጆቹ። «በሉ ሻይ በነፃ ነው።»

የሙዓዝ ፊት ላይ አንድ ነገር ላላ። የከንፈሩ ጫፍ ወደ ፈገግታ ሄደ፣ አልደረሰም። ጆሮውን ወደ አንድ ወገን አዘነበለና አዳመጠ፤ ከዚያ መልሶ አያት።

«አሁን ሁለት ሆናችሁ» አለ። «አንዷ ቁጭ በል ትላለች፣ አንዷ ውጣ ትላለች። ድምፃችሁ አንድ ነው። የቷ ነሽ?»

ሉባባ እኔ ነኝ ብትል ሌላዋም እኔ ነኝ ማለት ትችላለች። ዝም ባለችበት ሰሞን በልጇ ራስ ውስጥ ሌላ ሉባባ ቦታዋን ይዛለች፣ ያቺኛዋ ቁልፉን አይታ አታውቅም፣ ብላም አትለውም፣ የምታውቀው ሂድ ማለት ብቻ ነው። ሉባባ የልጇን እጅ ያዘች። እጁ ደረቅና ትኩስ ነው። ወደ ራሷ ሳበችውና ከአገጯ በታች፣ ጉሮሮዋ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነኝ» አለች። «ይሰማሃል? ይሄ ሲንቀጠቀጥ። ያቺ ጉሮሮ የላትም።»

ሙዓዝ መዳፉን አላነሣም። ጋሽ ኢሳ ገብተው ያዩት ይህንን ነው፤ በሽተኛው ልጅ የእናቱን አንገት ይዞ፣ እናቱ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ። ለመገላገል ዘለው መጡ፤ ሉባባ በእጇ አገደቻቸው። «ጋሼ፣ አይሄድም» አለች። «ተዉልኝ።» እሳቸው ወደ ረፊቃ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም ጠዋት እናትየው ናት ያልሽኝ? አሁን ምን ትያለሽ?» ረፊቃ የሻርቧን ጫፍ አስተካከለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቦርሳውን አነሣችና ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ ልብሶቹን እያወጣች አንገረቡ ላይ ስታስቀምጥ በበሩ ይታያል። ጋሽ ኢሳ ወደ በሩ ዞሩ። «ነገ አንድ ነገር ቢያደርግሽ እኔን እንዳትጠሪኝ» አሉ። መኪናዋ እሳቸውንና አጫጆቹን ይዛ፣ አቧራ አስነሥታ በሸሕዲ መንገድ ወደ ገለጉ ወጣች።

ሉባባ ስትናገር ቆየች። ሙዓዝን ባንኮኒው ጀርባ ከጎኗ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፣ እጁ እዚያው እንዳለ። ስለ ጢሙ ተናገረች፣ ስለ ዚፑ፣ ጠባብ ጫማ ስለ ገዛው የጎጃም ልጅ፣ ስለ ወሎው ልጅና ስለ ጎማው። ገዢዎች እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ የአንድን ወንድ እጅ በሴትዮዋ ጉሮሮ ላይ ያያሉ፣ ያፈገፍጋሉ። አንዲት ልጅ ስኳር ልትገዛ መጥታ አየች፣ ሳትገዛ ሮጠች። አየሁሽ መጥታ ባንኮኒው ላይ ሻይ አስቀመጠች፣ የምትሰድበው ነገር ፈልጋ አጣችና ተመለሰች። ሉባባ የምትለው ሲያልቅባት መደርደሪያውን መናገር ጀመረች፤ ይሄ ብስኩት ነው፣ እርጥበት ነክቶታል፣ ይሄ ሽቶ ነው፣ ማንም አይገዛውም፣ ይሄ ሳሙና ነው፣ ጠዋት ነው የከፈትኩት። ምራቋን ለመዋጥ ባቆመች ቁጥር የልጇ ጣቶች ጠበቅ ይላሉ፤ ስትናገር ላላ ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ልብ አላለችም። ኋላ ግን መዋጥን ፈራች።

ፀሐይዋ ከድልድዩ ማዶ ወደ ሱዳን በኩል ስትወርድ ድምፅዋ ሻክሮ ሻክሮ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ረፊቃ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ ከዚሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ የምትለው ነበራት፣ ግን እናቷን ማቋረጥ አልቻለችም። ብርጭቆውን ብቻ ዘረጋችላት። ሉባባ ተቀበለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ለመጠጣት ዝም ማለት ነበረባት። ሙዓዝን አየችው፤ ጆሮውን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ የእሷን አፍ እያየ ነው። ብርጭቆውን ሳትጠጣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው።

«ይሄ ብርጭቆ» አለች፣ «ይሄ ብርጭቆ አባትህ ከድልድዩ ማዶ፣ ከጋላባት ያመጣው ነው። ሙሉ ደርዘን ነበር። አንዱን አንተ ሰበርከው፣ ትንሽ ልጅ ሆነህ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ በሩ ላይ። ያን ቀን ተቆጥቼህ ነበር። በጣም ነው የተቆጣሁህ...»